ለአዲስ ድረ ገጽ ሆስቲንግ ማወዳደር፦ የዋጋ ሰንጠረዡ የዘለላቸውን ገደቦች ደረጃ በደረጃ

የሆስቲንግ ኩባንያዎች፣ ማለትም ድረ ገጽን ሁልጊዜ ክፍት በሆነ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ አስቀምጠው ለጎብኚ የሚያቀርቡት፣ በዋጋ ሰንጠረዣቸው ላይ በትልልቁ የሚጽፉት የዲስክ መጠንንና የወር ክፍያን ነው። አዲስ ድረ ገጽ ግን ዲስክ ሞልቶበት ሲወድቅ እምብዛም አይታይም። የሚወድቀው ከፕሮሰሰር ድርሻው፣ ከሜሞሪ ጣሪያው፣ በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ከሚችላቸው ገጽ የመክፈት ጥያቄዎች ቁጥር ወይም ከፋይሎች ብዛት ገደብ ጋር ሲላተም ነው። ወጪውም የሚከብደው በመጀመሪያው ዓመት ሳይሆን በእድሳቱ ነው። ስለዚህ ማወዳደር ያለብን ሰንጠረዡ የጻፈውን ሳይሆን የዘለለውን ነው።

ሥራው ሁለት ሦስት ሰዓት ንባብና የአንድ ሳምንት ሙከራ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ሙከራውን ይዘላል፤ ከስድስት ወር በኋላ ድረ ገጹን ተሸክሞ ቤት የሚቀይረውም ያው ሰው ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ፍላጎትን በቁጥር ማስቀመጥ

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለዩ፦ ድረ ገጽዎ ሰው በጎበኘው ቁጥር ገጽ የሚያዘጋጅ ፕሮግራምና ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) አለው ወይስ የለውም? የድርጅት ማስተዋወቂያ፣ የሥራ ማሳያ ወይም የሰነድ ገጽ ከሆነ ያለቀለት የኤችቲኤምኤል ፋይል ብቻ የሚያቀርብ አገልግሎት ይበቃዋል። ጊትሃብ ፔጅስና ክላውድፍሌር ፔጅስ ይህን በነጻ ይሰጣሉ። ጊትሃብ ፔጅስ ላይ የድረ ገጹ መጠን 1 ጊጋባይት፣ የወር ትራፊኩ (ለጎብኚዎች የሚላከው ዳታ) ደግሞ 100 ጊጋባይት አካባቢ እንዳያልፍ ይጠበቃል፤ ለኦንላይን መሸጫ መጠቀምም አይፈቀድም። ክላውድፍሌር ፔጅስ በነጻው ዕቅድ እስከ 20,000 ፋይል ይቀበላል፤ አንዱ ፋይል ከ25 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም። ገጽዎ በዚህ ልክ ከሆነ ዶሜይን (የድረ ገጹን አድራሻ ስም) ብቻ ይግዙ፤ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው አይመለከትዎትም።

ዎርድፕረስ (የታወቀው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር)፣ ኦንላይን ሱቅ፣ የአባላት መግቢያ ያለው ገጽ ወይም የራስዎ ፕሮግራም ከሆነ ሁለት ስሌት ይሥሩ።

የትራፊክ ስሌቱ ቀላል ነው። የአንድ ገጽ ክብደት፣ አንድ ጎብኚ የሚከፍታቸው ገጾች፣ የቀን ጎብኚዎች፣ 30 ቀን፤ አራቱን ያባዙ። ገጹ 2 ሜጋባይት ቢሆን፣ ሰው በአማካይ 3 ገጽ ቢከፍት፣ በቀን 500 ሰው ቢመጣ፣ በቀን 3 ጊጋባይት፣ በወር 90 ጊጋባይት ይሆናል። ግማሹን ለመጠባበቂያ ይጨምሩ፦ 135 ጊጋባይት። ይህን የማይችል የሚከፈልበት ሆስቲንግ ዛሬ ማግኘት ከባድ ነው፤ «ያልተገደበ ትራፊክ» የሚለው ማስታወቂያም ዋጋ የሚያጣው ለዚሁ ነው።

ወሳኙ ሁለተኛው ስሌት ነው፤ የአንድ አፍታ ጭነት። የገጽዎ ሊንክ ብዙ ተከታይ ባለው ቻናል ላይ ተለጠፈና በ5 ደቂቃ ውስጥ 300 ሰው ገባ እንበል። እያንዳንዱ 3 ገጽ ቢከፍት 900 ገጽ በ300 ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ 3 ገጽ ነው። አንድ ገጽ ለማዘጋጀት ፕሮሰሰሩ ግማሽ ሰከንድ ቢሠራ፣ አንድ የፕሮሰሰር ኮር በሰከንድ የሚጨርሰው 2 ገጽ ብቻ ነው። ሦስት ይገባል፣ ሁለት ይወጣል፤ በየሰከንዱ አንድ ጥያቄ ወረፋ ይይዛል። በአንድ ጊዜ 20 ጥያቄ ብቻ የሚፈቅድ ዕቅድ ላይ ከሆኑ ወረፋው በ20 ሰከንድ አካባቢ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጎብኚ የስህተት ገጽ ያያል። ልብ ይበሉ፣ ዲስኩ ባዶ ነው፤ የወሩ ትራፊክም ገና አልተነካም።

ይህን ስሌት የሚለውጠው ካሽ ነው፤ ማለትም ገጹን አንዴ አዘጋጅቶ ማስቀመጥና ለቀጣዩ ሰው ያንኑ መስጠት። በካሽ የሚቀርብ ገጽ ግማሽ ሰከንድ ሳይሆን ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ይፈልጋል። ሆኖም የግዢ ቅርጫት፣ የክፍያ ገጽና መለያ አስገብቶ የገባ ሰው የሚያያቸው ገጾች ለእያንዳንዱ ሰው ስለሚለያዩ በዚህ መንገድ አይቀመጡም። ዜና የሚያወጣ ገጽ በቀን 5,000 ሰው በቀላሉ ሲያስተናግድ፣ በተመሳሳይ ዕቅድ ላይ ያለ ኦንላይን ሱቅ በ50 ሰው የሚንገዳገደው ለዚህ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ የሆስቲንጉን ዓይነት መምረጥ

ሼርድ ሆስቲንግ አንድ ሰርቨር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደንበኞች የሚኖሩበት ነው። ርካሽ ነው፤ የሰርቨሩን ጥገና ኩባንያው ይሠራል። ለጀማሪ ገጽ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ገደቦቹ እስከታወቁ ድረስ።

ለዎርድፕረስ ብቻ የተዘጋጀ፣ ኩባንያው የሚያስተዳድረው ሆስቲንግ የሶፍትዌር ማሻሻያውን፣ ካሹንና የገጹን መጠባበቂያ ቅጂ አብሮ ይሠራል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ብዙዎቹም በወር ጎብኚ ቁጥር ያስከፍላሉ። እዚህ ላይ «ጎብኚ» የሚባለው ማን እንደሆነ ይጠይቁ፦ የፍለጋ ሞተሮች ሮቦት እንደ ጎብኚ ከተቆጠረ ሒሳቡ ሳይታሰብ ያሻቅባል።

ቪፒኤስ የራስዎ የሆነ የተከለለ የሰርቨር ክፍል ነው። ቁጥሩ ማራኪ ነው፦ ከሼርድ ሆስቲንግ እድሳት ባነሰ ዋጋ 1 ጊጋባይት ሜሞሪ ያገኛሉ። ግን ጥገናው የማን ነው? ኩባንያው የማያስተዳድረው ቪፒኤስ ላይ የሲስተም ማሻሻያ፣ ፋየርዎል፣ ዳታቤዝ፣ ሰርተፍኬት፣ ሁሉም የእርስዎ ሥራ ነው። ሊኑክስ ተርሚናል ላይ ከዚህ በፊት ሠርተው የማያውቁ ከሆነ በንግድ ገጽዎ ላይ አይማሩበት። ሜሞሪውንም ያሰሉ፦ አንድ የዎርድፕረስ ፒኤችፒ ሂደት ከ40 እስከ 80 ሜጋባይት ይወስዳል (ፒኤችፒ ዎርድፕረስ የተጻፈበት ቋንቋ ነው፤ አንድ ሂደት በአንድ ጊዜ አንድ ገጽ ያዘጋጃል)። ከ1 ጊጋባይቱ 400 ሜጋባይት ያህል ለሲስተሙና ለዳታቤዙ ቢቀነስ፣ በቀሪው 600 በአማካይ 60 ሜጋባይት የሚፈጁ 10 ሂደቶች ይገባሉ። ከዚያ በላይ ከፈቀዱ ሜሞሪው ያልቅና ሲስተሙ ሂደት መግደል ይጀምራል፤ መጀመሪያ የሚገደለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሜሞሪ የያዘው ዳታቤዝ ነው። ጎብኚው «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል መልእክት ያያል። ቪፒኤስ ላይ ለኦንላይን ሱቅ ከ2 ጊጋባይት በታች አይጀምሩ።

ሙሉ ሰርቨር መከራየት ለአዲስ ገጽ አያስፈልግም። በሰዓት የሚያስከፍሉ ትልልቅ የክላውድ አገልግሎቶች ኃይለኛ ናቸው፤ የወጪ ትራፊክን በጊጋባይት ስለሚያስከፍሉ ግን የወጪ ማስጠንቀቂያ ሳያስተካክሉ አይግቡባቸው።

3ኛ ደረጃ፦ የተደበቁትን ገደቦች ማውጣት

ብዙ የሼርድ ሆስቲንግ ኩባንያዎች ክላውድሊኑክስ የተባለውን ሲስተም ይጠቀማሉ። ይህ ሲስተም ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተወሰነ ድርሻ ይቆርጥለታል። ቁጥሮቹ በዋጋ ሰንጠረዡ ላይ አይገኙም፤ በአገልግሎት ውል፣ በእገዛ ገጾች ወይም በሽያጭ ቻት ይገኛሉ። የሚፈለጉት እነዚህ ናቸው።

የፕሮሰሰር ድርሻ። 100 በመቶ ማለት የሰርቨሩ ሙሉ ኃይል ሳይሆን አንድ ኮር ነው። ገደቡ ላይ ሲደርሱ ገጹ አይወድቅም፤ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ችግሩ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል።

በአንድ ጊዜ የሚገቡ ሂደቶች። የተለመደው መነሻ 20 ነው። ሲሞላ 508 የሚል የስህተት ቁጥር ይመጣል። 20 ሲባል 20 ጎብኚ ማለት አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት ገጻቸው እየተዘጋጀ ያለ 20 ጥያቄዎች ማለት ነው። ፈጣን ገጽ ቦታውን ቶሎ ይለቃል፤ ቀርፋፋ ገጽ ይዞት ይቆያል። ከባድ ፕለጊን (ዎርድፕረስ ላይ የሚታከል ተጨማሪ ፕሮግራም) መቀነስ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ዕቅድ ከመግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ሜሞሪ። 512 ሜጋባይት ለቀላል ዎርድፕረስ ያስኬዳል፤ የዎርድፕረስ የሱቅ ፕለጊን የሆነው ዉኮሜርስ ራሱ ለፒኤችፒ 256 ሜጋባይት እንዲመደብ ስለሚመክር ለሱቅ ከ1 ጊጋባይት በታች ጠባብ ነው። ገደቡ ሲታለፍ የሚመጣው የስህተት ቁጥር 500 ወይም 503 ነው።

የዲስክ ንባብና ጽሕፈት ፍጥነት። ሰንጠረዡ ላይ «ኤንቪኤምኢ ዲስክ» ተብሎ ይሞገሳል፤ ዲስኩ በእርግጥም በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊያነብ ይችላል። የእርስዎ ድርሻ በሰከንድ 1 ሜጋባይት ተብሎ ከተቆረጠ ግን ፍጥነቱ የኩባንያው እንጂ የእርስዎ አይደለም። በዚህ ገደብ 500 ሜጋባይት የሚመዝን ገጽ መጠባበቂያ ቅጂ ለመሥራት ማንበቡ ብቻ ከ8 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ የፒኤችፒ የሥራ ጊዜ ገደብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 300 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ፕለጊኑ መሀል ላይ ይቆረጥና ግማሽ ፋይል ይተውልዎታል። ቢያንስ በሰከንድ ከ5 እስከ 10 ሜጋባይት የሚሰጥ ይፈልጉ።

የፋይሎች ብዛት። «ያልተገደበ ዲስክ» የሚለው ቃል የሚቋጨው እዚህ ነው። ኩባንያው ጊጋባይት አይቆጥርም፣ ፋይል ግን ይቆጥራል፤ 200,000 ላይ የሚያቆሙ አሉ። ዎርድፕረስ አንድ ትልቅ ፎቶ ሲጫን በተለያየ መጠን እየቆረጠ እስከ ሰባት ተጨማሪ ቅጂ ይሠራል። የካሽ ፕለጊን ለየገጹ ፋይል ይፈጥራል። በዚያው ሰርቨር የሚቀመጥ እያንዳንዱ ኢሜይልም ራሱን የቻለ ፋይል ነው። ገደቡ ሲሞላ አዲስ ፎቶ አይጫንም፣ ኢሜይል አይገባም፤ አንዳንድ ኩባንያ ደግሞ ገደቡ ከማለቁ አስቀድሞ፣ ገና በግማሹ፣ የራሱን መጠባበቂያ ቅጂ መሥራት ያቆማል። የመጨረሻውን ነጥብ ማንም ከፍቶ የማያነበው የውሉ አንቀጽ ውስጥ ያገኙታል።

ለሽያጭ ቻቱ የሚከተለውን ገልብጠው ይላኩ፦ «በዚህ ዕቅድ ላይ ስንት የፕሮሰሰር ኮር፣ ስንት ሜጋባይት ሜሞሪ፣ ስንት የአንድ ጊዜ ሂደት፣ በሰከንድ ስንት ሜጋባይት የዲስክ ፍጥነትና ስንት ፋይል ይፈቀዳል? የፒኤችፒ ስሪትን ራሴ መምረጥ እችላለሁ? ኤስኤስኤች አለ? በጊዜ ሰሌዳ የሚሠራ ተግባር በየስንት ደቂቃው ማስኬድ ይፈቀዳል?» ኤስኤስኤች ሰርቨሩን ከርቀት በጽሑፍ ትእዛዝ ማስተዳደሪያ መንገድ ነው። በቁጥር የመለሰልዎትን ኩባንያ በዝርዝርዎ ያቆዩ። «እንደ ገጽዎ ይለያያል፣ አይስጉ» ብሎ የሚመልስ ኩባንያ ግን ቁጥሩን ሊነግርዎ አልፈለገም፤ ይሰርዙት።

የፒኤችፒውን ጥያቄ አይናቁት። የፒኤችፒ 7.4 የደህንነት ድጋፍ ያበቃው በኅዳር 2022 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እስካሁን በነባሪነት እሱን የሚሰጥ ኩባንያ ሌላውንም ነገር አላደሰም ብሎ መገመት ይቻላል። ዎርድፕረስ አሁን የሚመክረው 8.3 ወይም ከዚያ በላይ ነው።

4ኛ ደረጃ፦ ርቀትን ማስላት

ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ደርሶ መልስ ቢያንስ 1 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ሰርቨሩ ከጎብኚው 6,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ አንድ ደርሶ መልስ 60 ሚሊሰከንድ ነው፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ በተግባር ከዚያ ይበልጣል። አዲስ ጎብኚ የመጀመሪያዋን ፊደል ከማየቱ በፊት ግንኙነት ለመክፈት አንድ፣ ምስጠራውን ለመስማማት አንድ፣ ገጹን ለመጠየቅ አንድ፣ በድምሩ ሦስት ደርሶ መልስ ያስፈልጋል፦ 180 ሚሊሰከንድ። ሰርቨሩ ገና ሥራ አልጀመረም። የቆየው የምስጠራ ስሪት ላይ ደግሞ አንድ ዙር ይጨመራል።

ከጠቅታ እስከ መጀመሪያው ባይት ያለው ጊዜ በጉግል መለኪያ እስከ 800 ሚሊሰከንድ ጥሩ፣ ከ1,800 በላይ ደካማ ነው። እናም የዳታ ሴንተሩን ቦታ የሚመርጡት በእርስዎ መኖሪያ ሳይሆን በጎብኚዎችዎ መኖሪያ ነው። ሲዲኤን (የገጹን ፋይሎች በተለያየ አገር ባሉ ሰርቨሮች የሚያስቀምጥ አገልግሎት) ምስሎችንና ዝግጁ ፋይሎችን ከቅርብ ያቀርባል፤ ቅርጫቱና መግቢያ ገጹ ግን እስከ ዋናው ሰርቨር መሄዳቸው አይቀርም።

ኩባንያዎች ሰርቨሩ ሳይቋረጥ ይሠራል ሲሉ ስለሚሰጡት የ«99.9 በመቶ» ቃል አንድ ነገር፦ በ30 ቀን ውስጥ 43 ደቂቃ መጥፋት ይፈቅዳል ማለት ነው። 99 በመቶ ከሆነ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። ቃሉ ሲፈርስ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ የወሩ ክፍያ የተወሰነ ክፍል ነው፤ እሱም ራስዎ ከጠየቁ። የታቀደ ጥገና አይቆጠርም። ቁጥሩን እንደ ዋስትና ሳይሆን እንደ ማስታወቂያ ይውሰዱት።

5ኛ ደረጃ፦ የአራት ዓመት ዋጋ

የወር ዋጋን ከወር ዋጋ ጋር አያወዳድሩ። ሁለት ኩባንያ እንውሰድ፤ ገንዘቡ የየትም ይሁን።

ሀ በወር 3 ይላል፤ እድሳቱ 11 ነው። ዶሜይን የመጀመሪያውን ዓመት በነጻ፣ ከዚያ በዓመት 20። መጠባበቂያ ቅጂ በወር 2 ለብቻው።
ለ በወር 7፣ እድሳቱም 7፤ መጠባበቂያው ተካቷል። ዶሜይን ከሌላ ቦታ በዓመት 15።

ለአንድ ዓመት ብቻ ከፍለው ቢገቡ ሀ በመጀመሪያው ዓመት 36 ሲደመር 24፣ 60 ይሆናል። ከዚያ በየዓመቱ 132 ሲደመር 24 ሲደመር 20፣ 176። በሦስት ዓመት 412። ለ ደግሞ በዓመት 84 ሲደመር 15፣ 99፤ በሦስት ዓመት 297። ርካሹ በ115 ተወደደ።

ሀ ላይ የሦስት ዓመቱን አስቀድመው በ3 ሒሳብ ቢከፍሉስ? 108 ለሆስቲንግ፣ 72 ለመጠባበቂያ፣ 40 ለዶሜይን፤ 220። አሁን ሀ በ77 ይረክሳል። በአራተኛው ዓመት ግን ሀ 176፣ ለ 99 ያስከፍላሉ፤ ልዩነቱ ያው 77 ነው፣ ሁለቱም 396 ላይ እኩል ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ ሀ እየተወደደ ይሄዳል። ስለዚህ ረጅም ውል ራሱ ወጥመድ አይደለም፤ ወጥመድ የሚሆነው ኩባንያውን ሳይፈትኑ ሲገቡበት ነው፤ ምክንያቱም ገንዘብ የሚመለስበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ያልቃል።

በክፍያ ገጹ ላይ አስቀድመው ምልክት የተደረገባቸውን ተጨማሪዎች አንድ በአንድ ያጥፉ። በተለይ ለኤስኤስኤል ሰርተፍኬት (የገጹን ግንኙነት ለማመስጠር ለሚያስፈልገው) አይክፈሉ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት በነጻ ይሰጣል፣ ደህና ኩባንያም ራሱ ያድሰዋል። ነጻውን ሰርተፍኬት ከልክሎ የራሱን የሚሸጥ ኩባንያ ከዝርዝሩ ቢወጣ አይቆጭም።

6ኛ ደረጃ፦ መጠባበቂያ ቅጂ

አራት ጥያቄ አለ። በየስንት ጊዜው ይሠራል? ስንት ቀን ወደ ኋላ ይቀመጣል? የት ይቀመጣል? መልሶ ለመጫን ራሴ አዝራር መጫን እችላለሁ ወይስ ቲኬት ከፍቼ እከፍላለሁ?

ሦስተኛው ጥያቄ የቅንጦት አይደለም። መጋቢት 10 ቀን 2021 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው የኦቪኤች ዳታ ሴንተር በእሳት ተቃጠለ፤ አንደኛው ሕንጻ ሙሉ በሙሉ ወደመ። መጠባበቂያቸው በዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ሌሊት አጡ። ቅጂው ሌላ ከተማ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከተረጋገጠም በኋላ በሳምንት አንዴ ፋይሉንና ዳታቤዙን ወደ ራስዎ ኮምፒውተር ያውርዱ። የ7 ቀን ቅጂ ብቻ የሚይዝ ኩባንያ ከሆነ፣ ከ10 ቀን በፊት የገባ ቫይረስ በሁሉም ቅጂ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ለዚህ 30 ቀን ይሻላል።

7ኛ ደረጃ፦ ኢሜይልን መለየት

በሼርድ ሆስቲንግ ላይ የሚላክ ኢሜይል ከመቶ ጎረቤት ጋር በአንድ አይፒ አድራሻ ይወጣል። ከጎረቤቶቹ አንዱ አይፈለጌ መልእክት ቢልክ አድራሻው በጥቁር መዝገብ ይገባና የእርስዎም ደብዳቤ ስፓም ውስጥ ይወድቃል። ከየካቲት 2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ ከማንኛውም ላኪ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ይጠይቃሉ፤ በገፍ ከሚልኩት ደግሞ ዲማርክን ጨምሮ ሦስቱንም። ሦስቱም ኢሜይሉ በእርግጥ ከዶሜይኑ ባለቤት መምጣቱን ለማረጋገጥ የሚያገለግሉ ናቸው። ኩባንያው እነዚህን የዲኤንኤስ (የዶሜይን ስምን ከሰርቨር አድራሻ ጋር የሚያገናኘው ሥርዓት) መዝገቦች ራስዎ እንዲያስገቡ መፍቀዱን ያረጋግጡ።

ከተቻለ የሥራ ኢሜይልዎን ለኢሜይል ብቻ በተዘጋጀ አገልግሎት ያኑሩ። ሆስቲንግ ሲቀይሩ ደብዳቤዎ አይናወጥም፤ የፋይል ገደብዎንም አይበላም። ቪፒኤስ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ብዙ የክላውድ አቅራቢዎች ወደ ውጭ የሚወጣውን ፖርት 25 (ሰርቨር ለሰርቨር ኢሜይል የሚላክበትን በር) ስለሚዘጉ፣ የትእዛዝ ማረጋገጫና የይለፍ ቃል መልእክቶች በኢሜይል መላኪያ አገልግሎት በፖርት 587 መውጣት ይኖርባቸዋል።

8ኛ ደረጃ፦ ግምገማዎችን በጥርጣሬ ማንበብ

«ምርጥ 10 ሆስቲንግ» የሚሉ ገጾች አብዛኞቹ በሊንካቸው ከሚገዛ ሰው ኮሚሽን ያገኛሉ፤ አንደኛ የሚወጣው ብዙ የሚከፍለው ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ ባለቤትነት ነው፦ ብሉሆስትና ሆስትጌተር የተለያየ ስም ይዘው የሚገኙት በ2021 በተመሠረተው በአንድ ኩባንያ፣ በኒውፎልድ ዲጂታል ሥር ነው። ሁለቱን አወዳድሬ አንዱን መረጥኩ ያለ ሰው ከአንድ ቤት ሁለት በር ነው የመረጠው። ከኮከቡ ብዛት ይልቅ አንድ ዓመት የቆዩ ደንበኞች ስለ እድሳትና ስለ መውጣት የጻፉትን ይፈልጉ።

9ኛ ደረጃ፦ ሁለት ኩባንያ ይዞ የአንድ ሳምንት ሙከራ

እስካሁን በዝርዝርዎ ከያዟቸው ስድስት ሰባት ኩባንያዎች ሁለት ሊቀሩ ይገባል። ሁለቱንም በአጭሩ ውል ይግዙ። ገንዘብ መመለሻው 30 ቀን ከሆነ ካላንደርዎ ላይ 23ኛውን ቀን ምልክት ያድርጉ። ነጻ ተብሎ የተሰጠ ዶሜይን ሲመልሱ ዋጋው ከተመላሹ ይቀነሳል፤ ስለዚህ በሙከራ ጊዜ አይውሰዱት።

ባዶ ዎርድፕረስ አይፈትኑ፤ ባዶ ገጽ የትም ቦታ ፈጣን ነው። የሚጠቀሙበትን ገጽታ፣ ፕለጊኖቹን፣ 50 ያህል ጽሑፍና እውነተኛ ፎቶዎች በሁለቱም ላይ እኩል ይጫኑ። ካሹን ያጥፉ፤ የሰርቨሩ ትክክለኛ ጉልበት የሚታየው ያኔ ነው።

ከዚያ በብሮውዘሩ ኤፍ12 ተጭነው የኔትዎርክ ክፍሉን ይክፈቱ፤ ገጹን እንደገና ጭነው በመጀመሪያው መስመር ላይ ሰርቨሩ መልስ እስኪሰጥ የተጠበቀውን ሚሊሰከንድ ይመዝግቡ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ከሰዓትና ምሽት፣ አሥር አሥር ጊዜ፣ ለ5 ቀን። 150 ቁጥር ይኖርዎታል። ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደርድሩና 75ኛውንና 135ኛውን ይመልከቱ። 75ኛው የተለመደውን ፍጥነት ይነግርዎታል፤ 135ኛው ደግሞ ሰርቨሩ በተጨናነቀ ሰዓት የሚሆነውን። 135ኛው ከ75ኛው ሦስት እጥፍ ካለፈ ጎረቤቶችዎ ብዙ ናቸው ማለት ነው። በአማካይ ትንሽ የሚዘገይ ግን ወጥ የሆነ ሰርቨር፣ አንዴ 200 አንዴ 3,000 ከሚል ይሻላል።

ቪፒኤስ ላይ ከሆኑ የሂደት ማሳያው ውስጥ «የተሰረቀ ጊዜ» የሚባል መቶኛ አለ፤ ፕሮሰሰሩ ለእርስዎ ሊሠራ ሲገባ ለሌላ ደንበኛ የሠራበት ጊዜ ነው። ደጋግሞ ከ5 በመቶ በላይ ካሳየ ኩባንያው ከአቅሙ በላይ ሸጧል።

በዚያው ሳምንት ሁለት ነገር አብረው ይሞክሩ። አንደኛ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ሌሊት ቁርጥ ያለ መልስ ያለው ጥያቄ ለድጋፍ ይላኩ፤ ለምሳሌ «የፒኤችፒ ሜሞሪን ወደ 256 ሜጋባይት የት ገብቼ ነው የማሳድገው?»። ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን መልሱ ለጥያቄው የተሰጠ ወይም ከእገዛ ገጽ የተለጠፈ መሆኑን ይዩ። ሁለተኛ፣ አንድ አቃፊ ሆን ብለው ያጥፉና ከመጠባበቂያ ይመልሱ፤ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ይመዝግቡ። ሰው ሠራሽ ጭነት ለመፍጠር ከፈለጉ ግን አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ በሼርድ ሰርቨር ላይ ያለ ፈቃድ የተደረገ የጭነት ሙከራ መለያዎን ያሳግዳል።

10ኛ ደረጃ፦ ከመግባት በፊት መውጫውን ማየት

ዶሜይንዎን ከሆስቲንጉ ሌላ በሆነ መዝጋቢ (ዶሜይን በሚሸጥ ኩባንያ) ያኑሩ። ሁለቱ በአንድ መለያ ሥር ሲሆኑ በሒሳብ ጭቅጭቅ የታገደ መለያ ዶሜይኑንም ይዞ ይታገዳል። እንደ ዶት ኮም ያሉ ዶሜይኖች ደግሞ ከተመዘገቡ ወይም ከተዛወሩ በኋላ ለ60 ቀን ወደ ሌላ መዝጋቢ አይሄዱም፤ ተናደው በሳምንቱ ልውጣ ቢሉ በሩ ዝግ ነው።

የመቆጣጠሪያ ፓኔሉንም ይመልከቱ። ሲፓኔል የተባለው የተለመደ ፓኔል ያለው ኩባንያ ከሆነ ሙሉውን መለያ በአንድ ፋይል አውርደው ሲፓኔል ያለው ሌላ ቦታ መጫን ይቻላል። ኩባንያው ራሱ የሠራው ፓኔል መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ መውጫው ግን ፋይልን፣ ዳታቤዝንና ኢሜይልን ለየብቻ መሸከም ነው። ኤስኤስኤች ካለ ሸክሙ ይቀላል።

አንዱን ከመረጡ በኋላ ሌላውን ከ23ኛው ቀን በፊት ይሰርዙ፤ በሰረዙበት ጊዜ የተላከልዎትን የማረጋገጫ ኢሜይል ያስቀምጡ። የገዙትን ዕቅድ ገጽ፣ የእድሳት ዋጋውንና ቻቱ ላይ የተነገሩዎትን ቁጥሮች ስክሪንሾት አንሱ፤ ገደቦቹ በኋላ ቢቀነሱ በእጅዎ የሚኖረው ማስረጃ እሱ ነው።

ዶሜይኑን ወደ አዲሱ ሰርቨር ሲያዞሩ የዲኤንኤስ መዝገቡን የቆይታ ጊዜ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ወደ 300 ሰከንድ ያውርዱት። ብዙ ቦታ የሚሰጠው ነባሪ 14,400 ነው፤ እንዳለ ከተዉት አንዳንድ ጎብኚ እስከ 4 ሰዓት ወደ አሮጌው አድራሻ መሄዱን ይቀጥላል። የስም ሰርቨሩን (የዶሜይኑን መዝገቦች የሚይዘውን) ጭምር ከቀየሩ እስከ 48 ሰዓት ይጠብቁ። ሁሉም ከሠራ በኋላ ቁጥሩን ወደ 3,600 ይመልሱትና የእድሳቱን ቀን ከ30 ቀን በፊት እንዲያስታውስዎ ካላንደርዎ ላይ ያስገቡ።